የልጃገረድ ሯጮች እግር፦ ጠይቁ፣ ልመልስ

ደሴ ውስጥ ከ13 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጃገረዶችን አሠለጥናለሁ፤ ሙያዬ ፊዚዮቴራፒ ነው። ከሁሉ በፊት አንድ ማሳሰቢያ፦ አጥንት ላይ አንድ ነጥብ በጣት ሲጫኑት የሚያም ከሆነ ሩጫው ይቁምና ሐኪም ይየው።

እናት ከኮምቦልቻ፦ ልጄ 13 ዓመቷ ነው። አምና አንደኛ ትወጣ ነበር፤ ዘንድሮ ቁመቷ ጨምሮ ፍጥነቷ ቀነሰ። አሠልጣኟ ሰነፈች ይላል።

መልስ፦ አልሰነፈችም፣ እህቴ። ልጃገረዶች በፍጥነት የሚመዘዙት በአብዛኛው 12 ዓመት ግድም ነው። እግሯ ረዝሟል፤ ጡንቻዋ ግን ገና አልደረሰበትም። ወንዶች ልጆች ሲጎረምሱ ከሆርሞን የሚያገኙትን ጉልበት እርሷ በዚያ መጠን ስለማታገኝ በልምምድ መገንባት አለባት። ባለፈው ሳምንት ሆጤ ሜዳ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ከድንጋይ ላይ በአንድ እግሯ ቀስ ብላ እንድትወርድ አደረግሁ። ጉልበቷ ወደ ውስጥ እየታጠፈ ሌላኛውን ሊነካ ደረሰ። የደከመው የዳሌዋ የጎን ጡንቻ ነው። በሳምንት 2 ቀን በጎን ተኝቶ እግር ማንሳት፣ በአንድ እግር ቁጭ ብድግ፣ ተረከዝ ማንሳት። ታገሷት።

ጦሳ፦ ልጄን እግሯን ያማታል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ የቱ ጋ? መቼ ይጀምራታል? ሲጫኑትስ? ይህን ሳይነግሩኝ ምን ልበል?

ጀማሪ አሠልጣኝ፦ ከደሴ ኮምቦልቻ ቁልቁል ማስሮጥ ለፍጥነት ይጠቅማል?

መልስ፦ እባካችሁ ይህን ነገር ተዉት! ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ አስፋልት፣ ወደ 600 ሜትር የሚጠጋ ቁልቁለት። ቁልቁል ሲሮጡ የፊት ጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ሰውነትን ይገታል፤ ልጆቹ በማግስቱ ደረጃ መውረድ የሚያቅታቸው ለዚህ ነው። ጡንቻው ሲዝል እግራቸውን አርቀው እየወረወሩ በተረከዝ ያርፋሉ፤ ምቱን ቅልጥምና ጉልበት ይቀበለዋል። አጭር ዳገት ሽቅብ አስሩጧቸው፣ ሲመለሱ በእግር ይውረዱ። ደግሞ እርምጃ ቁጠሩ፦ የቀኝ እግርን በ30 ሰከንድ ቆጥራችሁ በ4 አባዙ፤ የሁለቱም እግር የደቂቃ እርምጃ ይሆናል። 160 ከሆነ በዚያው ፍጥነት ወደ 168 ከፍ ይበል። እርምጃ ሲያጥር የጉልበት ጫና ይቀንሳል።

ቦርከና፦ አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ አሸንፏል። ልጆቹን ያደከማቸው ጫማ ነው።

የሰኞ ገበያው፦ በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎም አሸንፏል እኮ!

ቦርከና፦ እግሩን ያጠነከረው ግን ባዶ እግር ነው።

መልስ፦ ወንድሞቼ፣ እርሱ አዋቂ ወታደር ነበር፤ እዚህ የያዝነው የሕፃናት አጥንት ነው። ከለመዱት በድንገት መለወጥ ይጎዳል፣ በጫማም ያለ ጫማም። ክርክሩን ለብቻችሁ ያዙት።

አባት፦ የትኛውን ቫይታሚን ልግዛላት?

መልስ፦ ሐኪም ሳያዝ ምንም አይግዙ።

የ16 ዓመት ሯጭ፦ የወር አበባዬ ከቀረ 4 ወር ሆነው። አሠልጣኜ «ሰውነትሽ ሯጭ ሆነ ማለት ነው» አለኝ።

መልስ፦ ልጄ፣ ውሸት ነው። ይህን የሚል አሠልጣኝ ካለ ያንብበው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የምትበዪው ለምትሮጪው አለመብቃቱ ነው፤ ሰውነት ሲጎድልበት ቀድሞ ከሚዘጋው አንዱ ይህ ነው። ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ሲቀንስ አጥንት ይሳሳል። አብዛኛው የዕድሜ ልክ አጥንትሽ የሚገነባው ደግሞ አሁን ነው። ሌላም ምክንያት ሊኖር ስለሚችል ከእናትሽ ጋር ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ የደም ማነስም ይታይልሽ። ከልምምድ ስትመለሺ ሳትቆዪ ብዪ። ሻይና ቡና ከምግብ ጋር አትጠጪ፣ ብረቱ ወደ ደምሽ እንዳይገባ ያግዳሉ። አጥንትሽ ላይ የሚያም ነጥብ ካለ ዛሬውኑ አቁሚ።

ሌላ አባት፦ ለ14 ዓመት ልጅ የቁልቁለት ሩጫ እንዴት ነው?

መልስ፦ ከላይ በሰፊው ጽፌዋለሁ። እባክዎ ያንብቡ።

ጦሳ፦ ቅልጥሟ ነው፣ በውስጥ በኩል። ስትሮጥ ይጀምራታል፤ ሰሞኑን ሌሊትም ይቀሰቅሳታል። አሁን በአውራ ጣቴ ስጫነው ጮኸች።

መልስ፦ ከዚህች ሰዓት ጀምሮ አትሩጥ። ነገ ጠዋት ሐኪም ቤት ይውሰዷትና የት ጋ እንደጮኸች በጣትዎ ያሳዩዋቸው።