ላስቲኩ ላይ «100% ጤፍ» ብሎ ለመጻፍ ምን ያስፈልጋል?

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ከሦስት ሠራተኞች ጋር እንጀራ እየጋገርኩ ለሐበሻ ሱቆች አከፋፍላለሁ። ላስቲኩ ላይ «100% ጤፍ፣ ግሉተን የሌለው» ይላል። ፌስቡክ ላይ ደግሞ በአማርኛ «ለስኳር በሽታ ፍቱን» ብዬ ለጥፌአለሁ፤ የአክስቴ ልጆችና ሠራተኞቼም ባለ 5 ኮከብ አስተያየት ጽፈውልኛል። ሰሞኑን የሌላ እንጀራ ጋጋሪ ጠበቃ «ማስታወቂያሽ ሐሰት ነው፣ አቁሚ» የሚል ደብዳቤ ላከብኝ። እውነቱን ለመናገር ክረምት ላይ ሊጡ እምቢ ሲለኝ ትንሽ ሰልፍ ራይዚንግ ዱቄት ጣል አደርጋለሁ። ግን ማን የማያጋንን አለ? በአማርኛ የተጻፈስ ያስጠይቃል?

መልስ፦ እህቴ፣ ስለ ዱቄቱ ሳይደብቁ ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። ብዙ ሰው ይህን ለጠበቃው የሚናገረው ከተከሰሰ በኋላ ነው።

ከአማርኛው ልጀምር። አዎ፣ ያስጠይቃል። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን አንድ ማስታወቂያ አሳሳች መሆኑን የሚመዝነው ማስታወቂያው የተነገረለት ሰው እንዴት ይረዳዋል ብሎ ነው። «ፍቱን» የሚለውን ቃል የእኛ ሰው የሚረዳው «ያድናል» ብሎ ነው፤ ዳኛውም የሚይዘው ይህን ትርጉም ነው።

ማጋነን ሁሉ ግን ወንጀል አይደለም። «የዲሲ አካባቢ ምርጥ እንጀራ» ቢሉ ማንም አይከስስዎትም፤ የጣዕም ነገር ነው፣ ማንም በሚዛን አይለካውም። «100%»፣ «ግሉተን የሌለው»፣ «ከኢትዮጵያ በመጣ ጤፍ የተጋገረ» ግን ሊጣሩ የሚችሉ ቃላት ናቸው። ለእንዲህ ያለ ቃል ማስረጃው ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት እጅዎ ላይ መኖር አለበት፤ ደብዳቤ ሲመጣ የሚፈለግ ማስረጃ አይረዳም። በነገራችን ላይ፣ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ ጤፍ ብዙው አይዳሆን በመሳሰሉ ቦታዎች የሚበቅል ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያን ስም ከመጻፍዎ በፊት የጆንያውን ደረሰኝ ይመልከቱ።

አሁን ወደ ሊጡ። ሰልፍ ራይዚንግ ዱቄት ስንዴ ነው፤ ግሉተን የሚባለውም ስንዴ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። ስንዴ የገባበትን እንጀራ «100% ጤፍ» ማለት በየትኛውም ፍርድ ቤት አያስኬድም፤ ስንዴ ደግሞ አለርጂ ከሚያስነሱት ዋና ዋና ምግቦች አንዱ ስለሆነ ስሙ ላስቲኩ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት። «ግሉተን የሌለው» ለማለት የምግብና የመድኃኒት አስተዳደሩ ያስቀመጠው ልክ ከአንድ ሚሊዮን ክፍል ከ20 በታች ነው። ከጠቅላላው ሊጥ አንጻር አንድ ጭልፋ የስንዴ ዱቄት ይህን ልክ አልፎ ይሄዳል።

ዱቄቱን ዛሬ ቢተዉትም ነገሩ አያልቅም። እርሾዎ ትናንት ስንዴ ከገባበት ሊጥ ላይ የተቀዳ ነው፤ ከቡሃቃ ቡሃቃ እየተሸጋገረ ስንዴውን ይዞት ይሄዳል። ደንበኞቼ ይህን ስነግራቸው ይደነግጣሉ፤ እናቶቻችን በጥንቃቄ ያቆዩት እርሾ እንዴት ጥፋት ይሆናል ይሉኛል። ሴሊያክ የሚባለው፣ ግሉተን የሚቀሰቅሰው የአንጀት ሕመም ያለበት ልጅ ግን የሚበላው ያንን እንጀራ ነው። ስለዚህ እርሾውን ደፍተው ከንጹሕ ጤፍ አዲስ ያስነሱ፤ ቡሃቃና መቅጃውንም ይለዩ።

«ላብራቶሪ ልኬ አስመረምራለሁ» ሊሉ ይችላሉ። ለተቦካ ምግብ ግን ያ ብቻውን አይበቃም። መፍላቱ ግሉተኑን ስለሚሰባብረው ምርመራው በትክክል ሊለካው አይችልም፤ በዚህም ምክንያት አስተዳደሩ በ2020 ባወጣው ደንብ የሚጠይቀው መዝገብ ነው። ዱቄቱ ከመቦካቱ በፊት ግሉተን እንዳልነበረው፣ ሥራ ቦታው ላይ ከስንዴ ጋር እንዳይነካካ ምን እንዳደረጉ በጽሑፍ መያዝ አለብዎት። አቅራቢዎ ጤፉን የፈጨው ስንዴ በሚፈጭበት ወፍጮ ከሆነ እሱንም ይጠይቁ፤ መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ።

የስኳር በሽታውን ጽሑፍ ግን ዛሬውኑ ያውርዱ። ምግብ በሽታ ይፈውሳል ብለው ሲያስተዋውቁ በሕግ ፊት ያልተፈቀደ መድኃኒት እንደሸጡ ይቆጠራል። የሮማን ጭማቂ የሚሸጠው ፖም ወንደርፉል ለምርምር ብዙ ገንዘብ ያፈሰሰ ትልቅ ድርጅት ነበር፤ ያም ሆኖ ስለ ልብና ስለ ፕሮስቴት በሽታ ያስተዋወቀው አሳሳች ነው ተብሎ በ2015 ዋሽንግተን ያለው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ፈረደበት። ደንበኛ «ስኳሬ ወረደልኝ» ብሎ የጻፈውን መልሰው ቢለጥፉትም እርስዎ እንዳሉት ነው የሚቆጠረው። ከቅጣቱ በላይ የሚያሳስበኝ ይህን አንብቦ ኢንሱሊኑን የሚተው አባት ነው።

የዘመዶችና የሠራተኞች አስተያየትም ይውረድ፤ ወይም ዝምድናው እዚያው ላይ በግልጽ ይጻፍ። ከጥቅምት 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የኮሚሽኑ ደንብ የሐሰት አስተያየትን፣ እንዲሁም የቤት ሰው መሆኑን የደበቀ አስተያየትን ይከለክላል፤ ቅጣቱም ለእያንዳንዱ ጥሰት ከ50 ሺህ ዶላር በላይ ሊደርስ ይችላል።

ደብዳቤውን በዝምታ አይለፉት፣ ለሌላው ጋጋሪም በንዴት ስልክ አይደውሉ። ላንሃም በሚባለው የፌዴራል ሕግ ተወዳዳሪዎ ራሱ ሊከስስዎት ይችላል። ጽሑፎቹን ከማውረድዎ በፊት ግን ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ፤ ክስ እንደሚመጣ እያወቁ ማስረጃ ማጥፋት ሌላ ጥፋት ነው። የቀረውን የድሮ ላስቲክ ከየሱቁ ይሰብስቡ፤ ከዚያ ጠበቃ ይዘው ምን እንዳረሙና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ የሚገልጽ አጭር መልስ ይላኩ። ክረምት ላይ ስንዴ መጨመሩን የሚቀጥሉ ከሆነም ላስቲኩ ላይ «ጤፍና ስንዴ» ብለው ይጻፉት፤ ቅልቅል እንጀራ ወዶ የሚገዛ ሰው ሞልቷል።