«ዋና ከተማ» እና አንቀጽ 17፦ ለአምስተኛ ክፍል መምህርቷ ጥያቄ

መምህርት፣ ጥያቄዎ የራሴን የመጀመሪያ ዓመታት አስታወሰኝ። ተማሪዎችዎ ፊደሉን ሳይሳሳቱ ያነባሉ፤ ምን እንዳነበቡ ሲጠየቁ ግን ዝም ይላሉ፤ ታሪክ ሲጀመር ደግሞ ያዛጋሉ፤ ከመደበኛው ትምህርት በተጨማሪ ምን ላሠራቸው ነው ያሉት። አማርኛና ኅብረተሰብ አሥራ አንድ ዓመት አስተምሬአለሁ፤ ያየሁትን ልንገርዎ።

ባልሠራልኝ ልጀምር። የጥያቄና መልስ ውድድር አዘጋጅቼ ደብተርና እስክሪብቶ ሸለምኩ። ልጆቹ የነገሥታቱን ስም ከነዘመኑ ሸመደዱት። በሳምንቱ «ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ለምን ሞትን መረጡ?» ብዬ ስጠይቅ አንደኛ የወጣው ልጅ ብድግ ብሎ «1860!» አለኝ። ውድድሩን በዚያው ተውኩት።

መፍትሔ ያገኘሁት በአጋጣሚ ነው። አንድ ልጅ «ጎንደር ዋና ከተማ ነበረች» የሚለውን ሲያነብ «ዋና»ን አላልቶ ጎንደርን የዋናተኞች ከተማ አደረጋት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጽሑፋችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አያሳይም፤ ስለዚህ ልጅ ሳይገባው እያነበበ መሆኑን ለማወቅ ጥያቄ እንኳ አያስፈልግም፣ ጆሮ ይበቃል። ከዚያ ጀምሮ ሁለት ሁለት አድርጌ አስቀምጣቸዋለሁ፤ አንዱ አንድ አንቀጽ ያነባል፣ ሌላው መጽሐፉን ዘግቶ ያዳምጣል፤ ትርጉም ያልሰጠው ቦታ ላይ ጠረጴዛውን ያንኳኳል። «አለ»፣ «ገና»፣ «ዋና» ያሉባቸውን አንቀጾች ሆን ብዬ እመርጣለሁ። በቀን አሥር ደቂቃ በቂ ነው።

አንድ ቃል ያን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ካዩ በኋላ ታሪኩን በዚያው በር አስገባሁት። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመውን የውጫሌ ውል ያውቁታል። ክፍሉን ለሁለት ከፍዬ በእጄ የጻፍኳቸውን ብጣሽ ወረቀቶች አደልኩ። በግራ ላሉት «ንጉሡ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክ ይችላሉ»፣ በቀኝ ላሉት «በኢጣልያ በኩል መላላክ አለባቸው» የሚል ነው። ልዩነት እንዳለው አልነገርኳቸውም። «ንጉሡ ለእንግሊዝ በቀጥታ ደብዳቤ ቢጽፉ ጥፋት ነው?» ብዬ ብቻ ጠየቅሁ። እንዴት እንደተከራከሩ ቢያዩ! አንዷ ልጅ የማዶውን ወረቀት ነጥቃ እስክታነብ ድረስ ሁሉም ሌላው ወገን ማንበብ የማይችል መስሎት ነበር። ያን ጊዜ የአንቀጽ 17 የአማርኛውና የኢጣልያንኛው ቅጂ በዚህ መልኩ እንደተለያዩ፣ ዐፄ ምኒልክም ውሉን እንዳፈረሱ፣ ነገሩ በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ እንደደረሰ ነገርኳቸው። ያዛጋ ልጅ አላየሁም።

ቀጥሎ የሞከርኩት የቤት ዕቃ ማንበብን ነው። አንድ ልጅ የአያቱን ጠገራ ብር፣ ማርትሬዛውን፣ ይዞ መጣ። ላዩ ላይ 1780 ይላል። ሁሉም «ብሩ የተሠራው በ1780 ነው» ብለው ጻፉ። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ በፈረንጆቹ 1780 ከሞተች በኋላም ብሩ በዚያው ዓመተ ምሕረት እየታተመ መቀጠሉን ስነግራቸው አንዱ «ታዲያ ብሩ ዋሽቷል ማለት ነው?» አለ። የዘመን አቆጣጠራችንን ልዩነት ያስረዳሁትም በዚሁ ሰበብ ነው፤ በመማሪያ መጽሐፉ ሠንጠረዥ ለሳምንት ስደክምበት የከረምኩትን ማለቴ ነው።

አያት ጠይቀው ጽፈው እንዲመጡ ማድረግም ጥሩ ነው፤ ጥያቄውን ግን ከሦስት አያስበልጡት።

ሰባ ተማሪ አለኝ ስላሉት፣ የውጫሌው ሥራ ለብዙ ልጅ እንዲያውም ይመቻል፤ ማባዣ ማሽንም አይፈልግም፣ ለአንድ ዴስክ አንድ ብጣሽ ወረቀት ይበቃል። የሚያስቸግረው የዕቃው ነው። ያ ጠገራ ብር አንድ ቀን ሙሉ ጠፍቶ ቆይቶ ከሌላ ልጅ ቦርሳ ተገኘ፤ የልጁ እናት ፊት የቆምኩትን አቋቋም አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ ዕቃውን ቤት ትተው ሥዕሉንና ላዩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ገልብጠው እንዲያመጡ ነው የማዝዘው።