«እኛ ባንደርስላችሁ ኖሮ» ለሚል ሰው ምን ይባላል? (መልስ)
«አሜሪካ ባትደርስላት ፈረንሳይ ዛሬ ጀርመንኛ ትናገር ነበር» የሚልህን ሰው በስድብ አትመልሰው፣ ከቀኑ ጀምር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ በጀርመን ላይ ጦርነት ያወጀችው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1939 ነው፤ አሜሪካ የገባችው በዲሴምበር 1941፣ ያውም የባሕር ኃይል ሰፈሯ ፐርል ሃርበር በጃፓን ከተመታ በኋላ። በ1940 በስድስት ሳምንት ውጊያ ብቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ የፈረንሳይ ወታደሮች አልቀዋል። ሳይተኩስ እጁን የሰጠ ጦር እንዲህ አይሞትበትም። በሰሜን ፈረንሳይ ሊል ከተማ ላይ ተከበው የተዋጉት ፈረንሳዮችም ከደንከርክ ወደብ በባሕር ለሚሸሸው የእንግሊዝና የፈረንሳይ ጦር ፋታ ሰጥተውታል።

«ከአሜሪካ ይልቅ ብዙ የሞተባት ሩሲያ ናት» በሚለው አጸፋ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። የሶቪየት ኅብረት 27 ሚሊዮን ሟች ሲባል ሲቪሉም አለበት፤ ከአሜሪካ 400,000 ገደማ ወታደሮች ጋር የሚነጻጸረው 8.7 ሚሊዮን የሚለው ይፋዊ የወታደር ቁጥር ነው። ሁሉንም «ሩሲያ» ብሎ መጠቅለል ደግሞ የዩክሬንንና የቤላሩስን ሙታን መንጠቅ ነው፣ ይሄኛው ትምክሕት ከአሜሪካኖቹም ይብሳል። አሜሪካ ለሶቪየት የላከችውን 400,000 ያህል ጂፕና የጭነት መኪናም አትርሳ። በ1944 በፈረንሳይ ጠረፍ የተደረገው የኖርማንዲ ወረራስ? በመጀመሪያው ቀን ከወረዱት ውስጥ እንግሊዞችና ካናዳውያን ተደምረው ከአሜሪካውያን ይበልጡ ነበር። ይህን ሁሉ ሰምቶ ያንኑ ከደገመ፣ የያዘው የታሪክ ክርክር ስላልሆነ ተወው።