ሾፌሩ ለምን በማዶ በኩል ይቆማል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከጓደኞቼ ጋር መኪና መጥሪያ አፕ እየሠራን ነው። ሙከራ ላይ ሁለት ነገር አስቸገረን። ፎቅ በበዛበት አካባቢ ሾፌሩ ተሳፋሪው ካለበት በማዶ በኩል ሄዶ ይቆማል። መኪናው ቆሞ እያለም ኪሎ ሜትሩ ይጨምራል፤ ሂሳብ ላይ ጭቅጭቅ ነው። የተሻለ የጂፒኤስ አገልግሎት ብንገዛ ይገላግለናል?

መልስ፦ አይገላግላችሁም፤ ገንዘባችሁን ለሌላ ነገር አቆዩት። የሳተላይቱ ምልክት ለማንም በነፃ የሚለቀቅ ነው። አሜሪካ የሲቪሉን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብላ ማዛባት ያቆመችው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ዛሬ ደግሞ አብዛኛው ስልክ የሩሲያውን ግሎናስ፣ የአውሮፓውን ጋሊሊዮና የቻይናውን ቤይዱ አብሮ ይቀበላል። ሰማዩ ገላጣ ከሆነ ስህተቱ 5 ሜትር ገደማ ነው፤ ለእናንተ ሥራ ይበቃል። በሴንቲ ሜትር ልክ የሚያደርሱ፣ የሚሸጡ የማረሚያ አገልግሎቶች አሉ፤ ግን የሚያርሙት የሳተላይቱንና የከባቢ አየሩን ስህተት ነው። የእናንተ ጣጣ ያለው ፎቁ ላይ ነው።

ምልክቱ ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ይመጣና መጨረሻ ላይ የሕንፃ መስታወት መትቶ፣ ነጥሮ ስልኩ ጋ ይደርሳል። ስልኩ ርቀትን የሚያሰላው ምልክቱ በፈጀው ጊዜ ነው። በመንጠሩ 30 ሜትር ቢዞር የዘገየው የሰከንድ አንድ አስር ሚሊዮንኛ ብቻ ነው፤ ስልኩ ግን ሳተላይቱ ያን ያህል የራቀ ይመስለዋል፣ ካርታው ላይ ቦታውን የምታሳየው ነጥብም መንገድ ተሻግራ ቁጭ ትላለች። ባለ ሁለት ፍሪኩዌንሲ ስልኮች፣ ማለትም ምልክቱን በሁለት የተለያዩ ሞገዶች የሚቀበሉት፣ ይህን በተሻለ ይቋቋማሉ፤ የተሳፋሪውን ስልክ ግን እናንተ አትመርጡለትም።

ስለዚህ ለመሳፈሪያ ቦታ ነጥቧን ብቻ አትመኑ። «ዋናው በር ወይስ የጀርባው?» ብላችሁ ጠይቁት። ጉዞ ሲጀመር ሰዎች በትክክል የት እንደተሳፈሩ አጠራቅሙና ለሚቀጥለው ሰው ያንኑ ጠቁሙ። መኪናው በየትኛው አቅጣጫ እየመጣ እንደሆነም ይታይ፤ መዞሪያ በሌለው መንገድ ማዶ መቆም ማለት ብዙ ነገር ነው። ተፎካካሪ በቀላሉ የማይገለብጠው ሀብታችሁ ይሄ ነው፤ ካርታውንማ ማንም ያገኘዋል።

ኪሎ ሜትሩ ደግሞ እንዲህ ነው። መኪናው ትራፊክ መብራት ላይ ሦስት ደቂቃ ቆመ እንበል። ስልኩ በየሰከንዱ ነጥብ ይልካል፣ እያንዳንዷ ነጥብ ካለፈችው አንድ ሜትር ያህል ወዲህ ወዲያ ትላለች። ኮዳችሁ በነጥቦቹ መሀል ያለውን ርቀት ዝም ብሎ ከደመረ፣ ንቅንቅ ያላለ መኪና 180 ሜትር ሄደ ማለት ነው። ተሳፋሪው ቢቆጣ እውነቱን ነው! ስልኩ ፍጥነትን ከምልክቱ የዶፕለር ለውጥ (በእንቅስቃሴ የተነሳ የሞገዱ ፍሪኩዌንሲ ከፍ ዝቅ ከማለቱ) ለብቻው ያሰላል፤ ፍጥነቱ ዜሮ አካባቢ ሲሆን አትደምሩ። ከእያንዳንዷ ነጥብ ጋር የስህተት ግምት አብሮ ይመጣል፤ ግምቱ የሰፋውን ጣሉት። የቀሩትን ካርታው ላይ ካለው መንገድ ጋር አዛምዱና በመንገዱ ርዝመት አስከፍሉ። ዋሻ ውስጥ ምልክት ሲጠፋም ክፍተቱን የሚሞላላችሁ መንገዱ ነው። በጎ ፈቃደኞች የሚሠሩት የኦፕንስትሪትማፕ ካርታ ዳታ በነፃ ይገኛል፣ ምንጩን መጥቀስና የፈቃዱን ደንብ ማክበር ግን ግዴታ ነው።

ያልጠየቃችሁኝን አንድ ነገር ልጨምር፣ ከልቤ ነው። የጉዞ መዝገብ ሰው የት እንደሚያድር፣ የት እንደሚታከም ሁሉ ይናገራል። ተሳፋሪው እንደወረደ ክትትሉ ይቁም፤ መዝገቡ መቼ እንደሚጠፋም አፑን ከመልቀቃችሁ በፊት ወስኑ።