የተጠቀጠቀ የድርቆሽ መሬት፦ ከማረሻው በፊት አካፋ

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር አጠገብ ዘንዘልማ አካባቢ አንድ ሄክታር ግድም የድርቆሽ መሬት አለኝ፤ አፈሩ ቀይ ነው። ሣሩ ከዓመት ዓመት እያጠረ ሄደ፣ በክረምት ውሃ ይተኛበታል። ኤንፒኤስ ማዳበሪያ ብጨምርበትም ለውጥ የለውም። በሰኔ ባርሰውስ?

መልስ፦ በሰኔ ማረሻ አያስገቡበት። እርጥብ ቀይ አፈር በማረሻ ሲገፋ አይሰበርም፣ ይለሰናል፤ ሣሩ ይዞት የነበረው አፈርም በሐምሌ ጎርፍ ተጠርጎ ጣና ይገባል።

መጀመሪያ ጠጣሩ አፈር የት እንዳለ ይወቁ። ዝናብ ከጣለ ከሁለት ቀን በኋላ ሁለት ጉድጓድ ይቆፍሩ፤ አንዱን ሣሩ ባጠረበት፣ ሌላውን ከብት በማይረግጠው አጥር ሥር፣ 40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት። ግድግዳውን ከላይ ወደ ታች በቢላ ጫፍ እየወጉ ያነጻጽሩ። ቢላው ከ5 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ባለው ላይ እምቢ ካለ የከብት ኮቴ ነው። ከ15 እስከ 20 ላይ ጠንክሮ ከታች መልሶ ከላላ ግን፣ መሬቱ ድሮ ሲታረስ ማረሻ በአንድ ጥልቀት ሲመላለስ የፈጠረው ንጣፍ ነው። አንድ ጓል አንስተው ይፈልቅቁት፤ ጤነኛ አፈር ይፈረፈራል፣ የተጠቀጠቀው ግን እንደ ተደራረበ እንጀራ በአግድም ይላቀቃል፣ ሥሩም እዚያ ሲደርስ ወደ ጎን ይታጠፋል።

ማዳበሪያው ያልሠራውም ለዚህ ነው። አየር ያጣ ሥር የቀረበለትን አይወስድም። አፈሩ ኮምጣጣ ከሆነ ደግሞ ፎስፈረሱን አስሮ ያስቀረዋል። በዚያ ላይ ድርቆሽ በየዓመቱ ብዙ ፖታሲየም ይዞ ይወጣል፤ ኤንፒኤስ ውስጥ ፖታሲየም የለም።

የኮቴ ጥቅጥቅታ ከሆነ መሣሪያ አያስፈልግም። ከመጀመሪያው ዝናብ እስከ አጨዳ ከብት ይከልክሉ፤ በሁለት ክረምት ሥርና ትል ያላሉታል። ከአጨዳ በኋላም ተረከዝዎ ዱካ የሚተው ከሆነ ከብት አያስገቡ። ሲያጭዱ ከመሬት ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገው ይቁረጡ፤ ሥር ድረስ የተላጨ ሣር ሥሩንም ያሳጥራል።

የማረሻ ንጣፍ ከሆነ መሰንጠቅ ይፈልጋል። ማረሻ በአንድ ፈር ቢመላለስም ከ20 ሴንቲ ሜትር ብዙም ስለማይወርድ፣ ቀጭን ጥርስ ያለው፣ አፈር የማይገለብጥ የትራክተር መሣሪያ ይከራዩ። ከንጣፉ 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ ብሎ፣ በ50 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ ተዳፋቱን አግድሞ ይሂድ። ትንሽ ቦታ ከሆነ ዲጅኖ ይበቃል፤ ወግተው በትንሹ ወደ ኋላ ይሳቡት፣ አይገልብጡ። ዋናው ጊዜው ነው፤ ጥቅምት ላይ ካጨዱ በኋላ ከንጣፉ ጥልቀት አፈር አውጥተው በመዳፍዎ ያድቦልቡሉት። እንደ እርሳስ ቀጥኖ ካልተሰበረ ይጠብቁ፤ ከተፈረካከሰ በዚያው ሳምንት ይግቡ። መሣሪያው ሲያልፍ ላዩ ትንሽ ከፍ ብሎ ካልተሰነጣጠቀ፣ ወይ እርጥብ ነው ወይ ከልክ በላይ ጠልቋል።

ከዚያ በፊት ግን ከ15 ቦታ፣ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ካለው አፈር ወስደው በፕላስቲክ ባልዲ ያደባልቁና አንድ ኪሎውን ባሕር ዳር ለአፈር ምርመራ ላቦራቶሪ ይስጡ። ፒኤቹ (የአፈሩ ኮምጣጣነት መለኪያ) ከ5.5 በታች ከሆነ ኖራ ያስፈልጋል፤ መጠኑን ከውጤቱ ይቀበሉ እንጂ ከጎረቤት አይቅዱ። ሣር ላይ የተበተነ ኖራ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው፤ ስለዚህ ለሁለት ዓመት ከፍለው ይበትኑት።

ከስንጠቃው በኋላ በሄክታር 80 ኩንታል የበሰለ ፍግ ይበትኑ። እበቱ ለኩበት የሚሄድ ከሆነ ቢያንስ አመዱ ወደ መሬቱ ይመለስ፤ ፖታሲየሙ እዚያ ውስጥ አለ፣ ኮምጣጣነትንም ይቀንሳል። ከዩሪያ ጋር ግን አይደባለቅ፣ ናይትሮጅኑ ተኖ ይጠፋል። ማገጥ (የዱር ክሎቨር) ያለበትን ጥግ ዘር እስኪጥል ሳያጭዱ ይተዉት። ሣሩ ፈጽሞ በጠፋበትና ውሃ በማይተኛበት ቦታ፣ በክረምቱ መጨረሻ ግብጦ ይዝሩ፤ ሥሩ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ኮምጣጣ አፈርንም ይችላል። መራራው ግብጦ ከብት ስለሚጎዳ ከድርቆሹ ጋር አይታጨድ።

የመሬትዎ የታችኛው ክፍል ወደ ሐይቁ ሲጠጋ ጥቁር ዋልካ ከሆነ ስንጠቃውን ይተዉት፤ ዋልካ በበጋ ራሱ ይሰነጠቃል። እዚያ የሚያስፈልገው ውሃውን የሚያወጣ ጥልቀት የሌለው ቦይና በክረምት ከብት አለማስገባት ነው።