ባንኩ ዕዳውን «ከሰረዘው» የሚደውለው ማን ነው?

ጥያቄ፦ በ2022 መጀመሪያ ላይ ሥራዬን ሳጣ የአንድ ክሬዲት ካርድ ክፍያ አቋረጥኩ። ለመጨረሻ ጊዜ የከፈልኩት በፌብሩዋሪ 2022 ሲሆን የቀረብኝ 4,860 ዶላር ነበር። ክሬዲት ሪፖርቴ ላይ «ቻርጅ ኦፍ» የሚል ስላየሁ ባንኩ የተወልኝ መስሎኝ ነበር። አሁን ስሙን ሰምቼው የማላውቅ ድርጅት እየደወለ 6,240 ዶላር አለብሽ ይለኛል። ሰውየው «ለዛሬ 50 ዶላር ብቻ ክፈይ፣ ሌላው ይደርሳል» አለኝ። ስልኩን ማንሳት ሳቆም ለእህቴ ደውለው ዕዳ እንዳለብኝ ነግረዋታል። ምን ይሻለኛል?
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ ለጊዜው 50 ዶላሩን አይክፈሉ። ምክንያቱን ወረድ ብለን እናብራራለን።

ቻርጅ ኦፍ ምሕረት አይደለም። የክሬዲት ካርድ ክፍያ 180 ቀን ሲያልፈው ባንኩ ገንዘቡን በመዝገቡ ላይ እንደ ኪሳራ መያዝ አለበት። ይህ የባንኩ የሂሳብ ሥራ ነው፤ ዕዳው ግን እርስዎ ላይ እንዳለ ይቆያል። ከዚያ ባንኩ ወይ ሰብሳቢ ይቀጥራል ወይ ዕዳውን በጣም በርካሽ ለዕዳ ገዢ ይሸጠዋል። ገዢው ብዙ ጊዜ የሚረከበው ስም፣ የሂሳብ ቁጥርና የገንዘብ መጠን የተጻፈበት አንድ የኮምፒውተር መስመር ነው፤ ውሉና የየወሩ መግለጫ አብረው ላይመጡ ይችላሉ። የተከፈለ ዕዳ ወይም የስመ ሞክሼ ዕዳ የሚጠየቀው በዚህ ምክንያት ነው።

በስልክ የድርጅቱን ስምና የፖስታ አድራሻ ብቻ ይጠይቁ። «አዎ፣ የኔ ነው» አይበሉ፤ የባንክ ሂሳብም ሆነ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር አይስጡ። ሰብሳቢው ለመጀመሪያ ጊዜ ካገኘዎት በ5 ቀን ውስጥ የዕዳ ማረጋገጫ ደብዳቤ የመላክ ግዴታ አለበት። ደብዳቤው ሲደርስ መጀመሪያ የዝርዝሩን ሳጥን ይመልከቱ። በተወሰነ ቀን ዕዳው ስንት እንደነበር፣ ከዚያ ወዲህ ስንት ወለድና ክፍያ እንደተጨመረ፣ ስንትስ እንደተቀነሰ ለየብቻ መጻፍ አለበት። በእርስዎ ጉዳይ 1,380 ዶላሩ ከየት እንደመጣ የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው። የመቃወሚያው ጊዜ መቼ እንደሚያበቃም ደብዳቤው በቀን ይነግርዎታል፤ ደብዳቤውን ከተቀበሉ በኋላ 30 ቀን አለዎት።

በእነዚያ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ከተቃወሙ ማረጋገጫ እስኪልክ ድረስ ማስከፈሉን ማቆም ግድ ይሆንበታል። በስልክ መቃወም ይህን ኃይል አይሰጥዎትም። ደብዳቤዎ አጭር ይሁን፦ ዕዳውን እንደሚቃወሙ፣ የመጀመሪያውን አበዳሪ ስምና አድራሻ፣ የሂሳቡን ማስረጃ እንደሚጠይቁ። «አሁን አቅም የለኝም» የሚል ነገር አይጨምሩ፤ ዕዳውን እንደማመን ሊቆጠርብዎ ይችላል። በሰርቲፋይድ ሜይል፣ ከመቀበያ ማረጋገጫ ጋር ይላኩና ኮፒውን ያስቀምጡ።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚያምታታቸው ሁለት የጊዜ ገደቦች አሉ። አንዱ የመክሰሻ ነው። በሜሪላንድ የክሬዲት ካርድ ዕዳ የሚያስከስሰው በአብዛኛው ለ3 ዓመት ነው፤ የማርች 2022 ክፍያ ካመለጠዎት 2025 የጸደይ ወራት አካባቢ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ሰብሳቢ መክሰስም ሆነ «እከስሻለሁ» ብሎ ማስፈራራት በፌዴራል ደንብም ተከልክሏል፤ ክፈይልኝ ብሎ መጠየቅ ግን ይችላል። በብዙ ስቴቶች ትንሽ ክፍያ ይህን ቆጠራ እንደ አዲስ ያስጀምረዋል። ሜሪላንድ ጊዜው ካለፈ ዕዳ ላይ ይህን ዘግታዋለች፤ አድራሻዎን ወደ ሌላ ስቴት ቀይረው ከነበረ ግን ጉዳዩ ሊለይ ይችላል። 50 ዶላሩን አይክፈሉ ያልነው ለዚህ ነው።

ሌላው የክሬዲት ሪፖርት ነው። ሳይስተካከል ከቀረው ከመጀመሪያው ያመለጠ ክፍያ ጀምሮ ዕዳው ሪፖርቱ ላይ 7 ዓመት ያህል ይቆያል፤ ዕዳው ቢሸጥም ቢከፈልም ይህ አይታደስም። ሰብሳቢው ከእውነተኛው የዘገየ ቀን አስገብቶ ካገኙት ሪፖርቱን ለሚያዘጋጁት ድርጅቶች፣ ለኢኩፋክስ፣ ለኤክስፔሪያንና ለትራንስዩኒየን ለየብቻ ይቃወሙ።

የፍርድ ቤት ወረቀት ከመጣ ዕዳው አሮጌ ነው ብለው አይተዉት። ጊዜው ማለፉን ተከሳሽ ራሱ ካላነሳው ዳኛው ላያየው ይችላል። በሜሪላንድ ዲስትሪክት ኮርት ከመጥሪያው ጋር የሚመጣውን የመከላከያ ማስታወቂያ ሞልተው መጥሪያው በደረሰዎት በ15 ቀን ውስጥ ይመልሱ። የአማርኛ አስተርጓሚ በነጻ ይመደብልዎታል፤ አስቀድመው መጠየቅዎን ግን አይርሱ። ካልቀረቡ በሌሉበት ይፈረድብዎታል፤ ፍርዱም 12 ዓመት ይጸናል፣ ከደሞዝ ለማስቆረጥም በር ይከፍታል።

ለእህትዎ የተናገሩት ሕግ መጣስ ነው። ሰብሳቢ ሌላ ሰው ዘንድ መደወል የሚችለው አድራሻዎን ለማፈላለግ ነው፤ ዕዳ እንዳለብዎ መናገር አይፈቀድለትም። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የደወለበትን ቁጥር እህትዎ ትጻፈው። ከጥሰቱ ቀን ጀምሮ በ1 ዓመት ውስጥ መክሰስ ይቻላል፤ ካሳው ከደረሰብዎት ጉዳት ሌላ እስከ 1,000 ዶላር ሊደርስ ይችላል፣ የጠበቃዎንም ወጪ የሚከፍለው ሰብሳቢው ነው።

ማስረጃው ትክክል ሆኖ ተደራድረው መጨረስ ከፈለጉ ስምምነቱ አስቀድሞ በጽሑፍ ይምጣ፦ መጠኑ፣ ቀኑ፣ «ሙሉ በሙሉ ይዘጋል» የሚለው ቃል። ከሂሳብዎ በቀጥታ እንዲወስዱ አይፍቀዱ፤ በካሺየርስ ቼክ (ባንኩ ራሱ በሚያወጣው ቼክ) ይክፈሉ። 600 ዶላርና ከዚያ በላይ ከተተወልዎት 1099-ሲ የተባለ የታክስ ቅጽ ሊመጣ ይችላል። በዚያን ጊዜ ዕዳዎ ከንብረትዎ ይበልጥ ከነበረ በቅጽ 982 ከታክስ ነጻ ሊሆኑ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ «ካልከፈልክ ፖሊስ ይዞህ ይሄዳል» ተባልኩ። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። በካርድ ዕዳ እስር የለም፤ ሰብሳቢ እንዲህ ማለቱ ራሱ የተከለከለ ነው። አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ፦ ከፍርድ በኋላ ስለ ንብረትዎ እንዲያስረዱ ፍርድ ቤት ጠርቶዎት ካልቀረቡ፣ ደጋግመውም ችላ ካሉ፣ ዳኛው ተይዘው እንዲመጡ ማዘዝ ይችላል። ያ በትዕዛዝ አለመቅረብ እንጂ በዕዳው አይደለም።

ጥያቄ፦ እናቴ የምትኖረው በሶሻል ሴኩሪቲ ነው። ይወስዱባታል?

መልስ፦ የካርድ ዕዳ ሰብሳቢ አይነካውም። ገንዘቡ በቀጥታ ባንክ የሚገባላቸው ከሆነ የእግድ ትዕዛዝ ቢመጣ እንኳ ባንኩ የ2 ወሩን መጠን ራሱ ይጠብቅላቸዋል። በቼክ ተቀብለው የሚያስገቡ ከሆነ ግን መጀመሪያ ሊታገድና ፍርድ ቤት ሄደው ማስለቀቅ ሊኖርባቸው ስለሚችል፣ ወደ ቀጥታ ማስገቢያ ያዛውሩላቸው፤ ከሌላ ገንዘብ ጋርም አያቀላቅሉት።