ጥያቄና መልስ፦ እሱ የተሳለው ስእለት እኔን ያስረኛል?

ጥያቄ፦ መምህር እንደምን ሰነበቱ? ወለተ ማርያም ነኝ፣ የምሠራው አራት ኪሎ አካባቢ ነው። 4 ዓመት ሙሉ የጠበቀኝ ልጅ አለ። ጨዋ ነው፣ ይጾማል፣ ያስቀድሳል። የፒያሳው ቤታችን በ2016 ሊፈርስ ስንለቅ ዕቃችንን ተሸክሞ ያጓጓዘልን እሱ ነው። እማዬ «ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?» ትለኛለች፣ አእምሮዬም እንደሷ ነው የሚለኝ፣ ልቤ ግን እሺ አላለኝም። እሱ «ያዕቆብም ለራሔል 7 ዓመት ጠብቋል» ይለኛል። አሁን ደግሞ እኔን ካገኘ ለአራዳ ጊዮርጊስ ጃንጥላ ሊያስገባ መሳሉን ነገረኝ። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሽማግሌ ሊልክ ነው። እምቢ ብለው ስእለቱን አስቀርቼበት ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ እህቴ ወለተ ማርያም፣ ከመጨረሻው ልጀምር። አይሆንብሽም። ስእለት የሚያስረው የተሳለውን ሰው ነው። ዘኁልቁ 30ን አንብቢው፤ ቃሉን እንዳያጥፍ የታዘዘው ተሳዩ ራሱ ነው። ሰው የሚሳለው ካለው ነው፤ ከገንዘቡ፣ ከጉልበቱ። አንቺ ደግሞ የሱ ንብረት አይደለሽም። ስእለቱም «ካገኘኋት» የሚል ነውና ካላገኘሽ ዕዳ የለበትም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ላንቺ መንገሩ ትንሽ ከንክኖኛል። ክፉ አስቦ ነው አልልም። ግን ስእለት የሚነገረው በታቦቱ ፊት ነው፤ ለልጅቱ ሲነገር ጫና ይሆናል።

የያዕቆብም ነገር እንዲሁ ነው። ያዕቆብ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ከላባ ጋር ተነጋግሮ ነው 7 ዓመት ያገለገለው። አንቺ ግን የዛሬ 4 ዓመት ምን ተስማማሽ? ዕቃ መሸከሙ ትልቅ ውለታ ነው፣ እግዜር ይስጠው፣ ሲቸግረው አንቺም ድረሺለት። ግን ውለታ በትዳር አይመለስም።

ይልቅ ርብቃን አስቢያት፣ ዘፍጥረት 24 ላይ። የአብርሃም ሎሌ ምልክት ለምኖ ነበር። ምልክቱ ተፈጸመ፣ ግመሎቹ ጠጡ፣ ቤተሰቦቿም ነገሩ ከእግዚአብሔር ነው ብለው ተስማሙ። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ እንኳ ልጅቱን ጠርተው «ከዚህ ሰው ጋር ትሄጃለሽን?» አሏት። እሷም «እሄዳለሁ» አለች። አየሽ፣ እግዚአብሔር ከፈቀደም በኋላ የሷ ቃል ተጠይቋል። ፍትሐ ነገሥትም በአንቀጽ 24 ያለ ሁለቱ ፈቃድ ጋብቻ የለም ይላል፤ የመንግሥቱ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 213/1992ም እንደዚያው።

ታዲያ ልብሽን ዝም ብለሽ ተከተይ እያልኩሽ አይደለም። ልብ የሚባለው ነገር ብዙ ያሳስታል፤ የንጉሥ ዳዊት ልጅ አምኖን ለእኅቱ ለትዕማር ከፍቅር የተነሳ ታሞ ነበር፣ ግፉን ከፈጸመባት በኋላ ግን ከወደዳት ይልቅ ጠላት። «እሺ አላለኝም» ስትዪ ምን ማለትሽ ነው? እንደ ተከታታይ ድራማው ልቤ ድው ድው አላለም ከሆነ፣ እሱ ቢቀርም ቤት ይሞቃል። ሌላ ነገር ልጠይቅሽ። ከቅዳሴ ስትወጪ በሩ ላይ ቆሞ ስታዪው ወደሱ ነው የምትሄጂው ወይስ ዞረሽ በሌላው በር ትወጫለሽ? (ይህንን የጠየቅኳቸው እህቶች አብዛኞቹ ይስቃሉ። መልሱን ያውቁታላ።) ወደሱ የምትሄጂ ከሆነ የያዘሽ ፍርሃት ይሆናል፣ ጊዜ ጠይቂው። በሌላው በር የምትወጪ ከሆነ ግን አእምሮሽ የቆጠረው መልካምነት ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ ባልሽ አይደለም፤ ወንድምሽ ነው። ትዳር ደግሞ በየቀኑ በአንድ በር መግባት ነው።

ሱባኤ ልያዝ ብትዪ ደግ ነው፣ ግን «ዛሬ ዝናብ ከዘነበ አገባዋለሁ» ዓይነት ሱባኤ አትያዢ። ለንስሐ አባትሽ ሁሉንም ንገሪያቸው፣ በሌላው በር መውጣትሽን ጭምር። እናትሽንም ቁጭ አድርገሽ አናግሪ፤ የምትገፋሽ ስለምትሰጋልሽ ነው።

መልስሽ እምቢ ከሆነ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ራስሽ ንገሪው፣ በቴክስት ሳይሆን በአካል። ሽማግሌ ከተቀመጠ በኋላ እምቢታው የሁለት ቤተሰብ ቅያሜ ይሆናል። «እስቲ እናያለን» አትበይው፣ 4 ዓመት ያስጠበቀው ይኸው ቃል ሳይሆን አይቀርም፣ እዚህ ላይ አንቺም ጥፋት አለብሽ፣ ይቅርታ ጠይቂው። ጃንጥላውን ደግሞ ማስገባት ከፈለገ ያስገባ፣ ሰማዕቱ ደስ ይለዋል፤ ያንቺን ስም ግን አይጥራበት።